ለጢስ እሳት ቀንና ሰዓት ይቆረጥለት

ጣና ወደ አባይ በሚወጣበት አፍ፣ ጨረጨራ በተባለው ቦታ፣ ሰባት በሮች ያሉት ግድብ አለ። ሁለቱ በሮች እ.ኤ.አ. በ1996 ተሠሩ፤ አምስቱ በ2001 ተጨመሩ። (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከነዚያ በሮች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ጢስ እሳት የተባለው ፏፏቴ አለ። በሩ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን መርሐ ግብር ባሕር ዳር አደባባይ ላይ ተለጥፎ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሆኖም በጥር ወር ገደሉ ነጭ ለብሶ ይዋል ወይስ እርጥብ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ይዋል የሚወሰነው በዚያ መርሐ ግብር ነው።

ስለዚህ ይህ ጥሪ ነው። ለባሕር ዳር ሰው፣ ለጢስ ዓባይ ከተማ ነዋሪ፣ ለጀልባ ቀዛፊና ለአስጎብኚ፣ ለመሐንዲስ፣ ለሆቴል ባለቤት፣ ቶሮንቶና ዋሽንግተን ተቀምጦ ልጆቹን አንድ ቀን ወደ አገር ይዞ ለመምጣት ለሚያስብ ወገን። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ቢሊዮን ብር አይጠይቁም። ፏፏቴው ውሃ የሚያገኝበት ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ተቆርጦ በአደባባይ ይለጠፍ። ከገደሉ ጫፍ ጀምሮ በአለት አዋቂዎች እስከሚወሰን ርቀት ድረስ ደግሞ ማንም ሲሚንቶ አያፍስ።

ለምን እነዚህን ሁለቱን እንደመረጥኩ ለማስረዳት ገደሉ ከተሠራበት ልጀምር።

ከጣና በስተደቡብ ያለው አገር የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ሸለቆውን ሞልቶ፣ ቀዝቅዞ ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ ባዛልት የምንለው። ውሃውን ወደ ኋላ አግደው ጣና ዛሬ ባለበት እንዲተኛ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው የቅልጥ አለት ፍሰት ነው። እንግዲህ የጣና የመጀመሪያ ግድብ ጨረጨራ ሳይሆን ራሱ አለቱ ነው። አባይ ከሐይቁ ወጥቶ በዚሁ ጥቁር ድንጋይ ላይ እየተጋጨ ይወርድና ጠርዙ ጋ ሲደርስ 40 ሜትር በሚያህል ከፍታ ይወረወራል። ወንዙ በሞላበት ጊዜ የፏፏቴው ስፋት እስከ 400 ሜትር ይደርሳል።

ባዛልት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ገደሉ ከሩቅ አንድ ወጥ ግድግዳ ቢመስልም በቅርብ ላየው ጎን ለጎን የቆሙ ምሰሶዎች ስብስብ ነው። የሚወርደው ውሃ ግርጌው ላይ ገንዳ ይቆፍራል። ገንዳው ውስጥ የሚሽከረከረው ውሃና የማያቋርጠው ርጭት የምሰሶዎቹን እግር ይበላሉ፤ እግሩ የተበላ ምሰሶ ደግሞ አንድ ክረምት ይገነደሳል። የዓለም ፏፏቴዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ጫፋቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ምንጫቸው እየሸሸ የሚሄድ ነው። ናያግራ በ12 ሺህ ዓመታት ገደማ ውስጥ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተጉዟል። የገደል ጫፍ ካርታ ላይ ተሥሎ የሚቀር ወሰን አይደለም ማለት ነው። «ጫፉ ላይ ሎጅ ልሥራ» የሚል ሰው ይህን ከአርክቴክቱ በፊት ይስማ።

ገደሉ ለዓሣም ወሰን ነው። ከታች ያለው የአባይ ዓሣ 40 ሜትር ዘሎ ጣና አይገባም። በዚህ ምክንያት ተለይተው የቀሩት ላቢዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች ሐይቁ ውስጥ ከአሥር በላይ ዝርያ ሆነው ተለያይተዋል፤ አንዱ አሸዋ ዳር፣ አንዱ ጥልቁ ውስጥ፣ አንዱ ሌላውን ዓሣ እያደነ። ዩኔስኮ በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ባሕር ዳር በደስታ ተቀበለችው፤ ተገቢም ነበር። ያ ሁሉ ሀብት ግን በአንድ ጥቁር ገደል ተጠብቆ የቆየ መሆኑን ስንቶቻችን እናስባለን?

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ጣና የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ ያቆይና ቀስ እያደረገ ይለቀዋል። ስለዚህ ጢስ እሳት በተፈጥሮው የሚሞላው ዝናቡ በሚያይልበት በሐምሌ አልነበረም፤ በመስከረምና በጥቅምት ነበር። ከዚያ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ ሳይቋረጥ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። እናቶቻችንና አባቶቻችን በበጋ ሲወርድ አይተውታል። በበጋ የሚጠፋ ፏፏቴ የእኛ ዘመን ነገር ነው።

እንዴት እንደጠፋም ምስጢር የለውም። በ1964 ጢስ ዓባይ አንድ የተባለው የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነው። ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ይሄዳል፣ ተርባይኑን ይመታል፣ ከፏፏቴው በታች ወደ አባይ ይመለሳል። ጠለፋው ትንሽ ስለነበረ ፏፏቴውና ጣቢያው ለ30 ዓመታት ያህል ተቻችለው ኖሩ። ከዚያ ጨረጨራ መጣ፤ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋዋት ያለው ጢስ ዓባይ ሁለት። ውሃው በበር መመጠን ሲጀምር ፏፏቴው ትርፍ ሲኖር ብቻ የሚቀምስ ሆነ። በ2010 ጣና በለስ ተመረቀ፤ 460 ሜጋዋት፣ በጊዜው የአገሪቱ ትልቁ ጣቢያ። ውሃው በ12 ኪሎ ሜትር ዋሻ ከሐይቁ በስተምዕራብ ወጥቶ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል፤ ፏፏቴውን አያየውም።

በጎን አንድ ነገር ልበል። አሮጌውን የአንድ ብር ኖት የሚያስታውስ ሰው ጀርባው ላይ ጢስ እሳት እንደነበረ ያስታውሳል። ኖቱ በሳንቲም የተተካው በለስ በተመረቀበት በዚያው በ2010 ነው። አጋጣሚ ነው፤ ማንም ተማክሮ አላደረገውም። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከገደሉም ከኪሳችንም ቀለለ።

በለስ ይዘጋ የሚል ሰው እዚህ አያገኝም። መብራት ለጠፋበት ሆስፒታል፣ ወፍጮው ቆሞ እህሏን ተሸክማ ለምትመለስ እናት «ፏፏቴ ይበልጣል» ብሎ መናገር ድፍረት ነው። ጥያቄው መብራት ወይስ ፏፏቴ ሆኖ የሚቀርብልን ግን እንዳንጠይቅ ነው። እስቲ ቁጥሩን እንየው።

የዓለም አቀፉ የውሃ አስተዳደር ተቋም ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከጨረጨራ በታች ያለው፣ ፏፏቴው የሚገኝበት የወንዝ ክፍል በሕይወት ለመቆየት በዓመት ምን ያህል ውሃ እንደሚያስፈልገው አስልተዋል። መልሱ 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ከተፈጥሯዊው የዓመት ፍሰት 22 በመቶ። ጢስ ዓባይ ሁለት በሙሉ ኃይሉ ይሠራ በነበረባቸው ከ2001 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በዚያ የወንዝ ክፍል በአማካይ ያለፈው ውሃ 34 በመቶ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል፤ 34 ከ22 ይበልጣል! ታዲያ ገደሉ ለምን ደረቀ? ውሃው የመጣው በክረምት ስለሆነ ነው። በጥርና በየካቲት አካባቢ ያለው ፍሰት ተመራማሪዎቹ ካስቀመጡት ልክ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ጢስ እሳትን በዚያ ጊዜ ያደረቀው የዓመቱ ውሃ ማነስ አልነበረም፤ በወራት መካከል የተደረገ ክፍፍል ነበር።

ይህ ከበለስ በፊት ነው፣ አሁን ሁኔታው ተለውጧል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በለስ በንድፉ የሚወስደው በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ነው፤ በዓመት 2.4 ቢሊዮን ገደማ። ከጣና በአማካይ ይወጣ የነበረው ደግሞ 4 ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በለስ ከግማሽ በላይ ወሰደ ማለት ነው፤ የቀረው ግን አሁንም ከ862 ሚሊዮኑ ይበልጣል። ዝናብ በሚያንስበት ዓመት ሒሳቡ ይጠባል፤ በ2003 የጣና ውሃ ወርዶ ጀልባና መርከብ ሲቸገሩ ያየን ሰዎች ይህን አንክድም። በአማካይ ዓመት ግን ለሁለቱም የሚበቃ ውሃ አለ።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ደግሞ ይኼ ነው። በለስ ወንዝ ራሱ መጨረሻው አባይ ነው። በዋሻው የሄደውም፣ በገደሉ የወረደውም ውሃ በመጨረሻ የሚገናኘው አንድ ቦታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት አቅም ባለው በሕዳሴ ግድብ። በጢስ እሳት የሚወርድ ውሃ ለአገር የጠፋ ውሃ አይደለም። በበረሃው ሸለቆ ዞሮ ግድቡ ያለበት ጉባ ይደርሳል፤ እዚያም ተርባይን ይመታል። የምናጣው በለስ በእነዚያ ሰዓታት ያመነጨው የነበረውን ብቻ ነው። ይህንን ዋጋ የኃይል ባለሙያዎቻችን በአንድ ገጽ ሊያሰሉት ይችላሉ። አስልተው ያሳዩን፤ ተነጋግረን እንስማማበት።

ውሃ በተራ ማካፈል ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ጎጃም ውስጥ መሬት በመስኖ በሚጠጣባቸው ብዙ ቀበሌዎች የውሃ አባት አለ። ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ቦዩን እንደሚከፍት የሚቆርጠው እሱ ነው። ተራውን ያለፈ ይቀጣል። የላይኛው መሬት ባለቤት «እኔ ወደ ምንጩ ቅርብ ነኝ» ብሎ ሌሊት ቢጠልፍ ጠዋት ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ይህ ሕግ ለሽንኩርት ማሳ ሲሠራ ኖሮ ለአባይ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ጨረጨራ የውሃ አባት ያስፈልገዋል፤ ተራውም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ተራ ይሁን።

የባዕድ ምስክር ለሚፈልግ ደግሞ ናያግራ አለለት። አሜሪካና ካናዳ በ1950 የተፈራረሙት ውል በሰዓት የተጻፈ ነው። በአውሮፓውያኑ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ቢያንስ በሰከንድ 2,800 ሜትር ኩብ ገደማ በፏፏቴው ላይ ይወርዳል። መኸሩ ሲገባ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ማታ የሚቀነስበት ሰዓት ወደ ምሽቱ 2 ይመጣል። ሌሊትና በቀሩት ወራት ሙሉ ግማሹ ይበቃዋል፤ ትርፉ ወደ ተርባይን ይሄዳል። ሁለቱ አገሮች በወንዙ ግዙፍ ኃይል ያመነጫሉ፤ ፏፏቴውም አለ። ቶሮንቶ ያሉ ወገኖቻችን ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባቸው መኪና አስነሥተው መጀመሪያ የሚያሳዩት ናያግራን ነው። እዚያ ቆመው ፎቶ ሲነሱ ከበስተኋላቸው የሚወርደው ውሃ በውል የተፈረመ ውሃ መሆኑን ቢያውቁ፣ ለጢስ እሳት ጠበቃ ለመሆን ከእነሱ የተሻለ አይገኝም።

ስለ ግንባታ ደግሞ ከዚያው ከናያግራ የሚያስተምር አለ፤ መጀመሪያ የሠሩት ስህተት። በ19ኛው መቶ ዓመት የፏፏቴው ዳር በወፍጮ ቤትና በፋብሪካ ታጥሮ ነበር። ባለ መሬቱ አጥር እየሠራ፣ ማያ ቀዳዳው ላይ ገንዘብ እየተቀበለ ሰውን የተፈጥሮ ውሃ በክፍያ ያሳይ ጀመር። የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስተድና ጓደኞቹ ዓመታት የፈጀ ዘመቻ አካሄዱ፤ የኒውዮርክ ግዛት በ1885 መሬቱን ገዝቶ ሕንፃዎቹን አስነሣና ለሕዝብ ከፈተው። እኛ ገና አላጠርንም ማለት እንችላለን። ከታጠረ በኋላ ማስነሣት ምን ያህል እንደሚያደክም ግን የከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጫፍ ላይ ቤት መሥራት ለምን ክፉ ሐሳብ እንደሆነ ለግንበኛ መንገር አይከብድም። ባዛልት ሲበሰብስ የሚተወው አፈር ብዙ ጊዜ ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ አፈር ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ ግድግዳ በሁለተኛው ዓመት በማዕዘኑ ይቀደዳል። አፈሩን ጠርጎ አለቱ ላይ የሚያርፍ ደግሞ ያ የተሰነጠቀ ምሰሶ ክምር ላይ ነው የሚያርፈው። የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ፍሳሽ በስንጥቁ ሰርጎ የሚወጣው በገደሉ ፊት ነው፤ እንግዳው ፎቶ በሚያነሣበት በኩል። ርጭቱ የሚደርስበት ቦታ ላይ ብረት ይዝጋል፣ እንጨት ይሻግታል፣ ቀለም ይላጣል። ድንጋይ ለማውጣት ድማሚት የሚጠቀም ካለማ አለቱን ለክረምቱ ጎርፍ አዘጋጅቶ ሰጠው ማለት ነው።

ፏፏቴ አጠገብ መሥራት የሚያውቁ ሰዎች ግን ነበሩን። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ከፏፏቴው በታች አባይ ላይ የተሠራው የአላታ ድልድይ ዛሬም ሰውና ከብት ያሻግራል። ሠሪዎቹ ውሃው ተሰብስቦ በጠባብ የአለት መተላለፊያ የሚያልፍበትን ቦታ መርጠው፣ በድንጋይና በኖራ፣ ቅስት አድርገው አቆሙት። ውበቱን ለማየት የተሠራ ነገር ፈልገው አልመጡም፤ መሻገር ፈለጉ፣ አለቱ የፈቀደላቸውን ቦታ ጠየቁ። ዛሬ ጎብኚው ወደ ፏፏቴው ሲሄድ በእነሱ ድልድይ ላይ ይረግጣል።

አለቱን ያልጠየቀ ደግሞ የሚገጥመው በኢኳዶር ታይቷል። ኮካ በሚባለው ወንዝ ላይ ሳን ራፋኤል የሚባል፣ 150 ሜትር የሚደርስ ፏፏቴ ነበር፤ የአገሪቱ ትልቁ። እንደ ጢስ እሳት የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ወንዙን ያገደው የቅልጥ አለት ፍሰት ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 2020 ወንዙ ከጠርዙ በስተኋላ ጉድጓድ ከፍቶ በሥር ገባና ፏፏቴው በአንድ ቀን ጠፋ። ከዚያ የወንዙ አልጋ ወደ ላይ መሸርሸር ጀመረ፤ በሚያዝያ ወር የነዳጅ ቧንቧዎችን ቆርጦ ነዳጁን ወንዙ ውስጥ አፈሰሰው፤ መንገድ በላ፣ ቤት በላ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከላይ ወዳለው የ1,500 ሜጋዋት ጣቢያ የውሃ መቀበያ መገስገሱን ቀጠለ። ያ ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ2016 ነበር። ደለሉን ግድብ ላይ ጥሎ የመጣ ውሃ የወንዙን አልጋ አብዝቶ ይበላል፤ የጣቢያው ግድብ ድርሻ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን መንገዱም ቤቱም ሄዷል።

ጢስ እሳት ነገ ይፈርሳል ማለቴ አይደለም። ማስፈራራት አልወድም። ገደላችን ላይ ዝርዝር የአለት ጥናት ሳይደረግ ጫፉ ላይ አንድም ፈቃድ አይሰጥ ማለቴ ነው። ለጊዜው ከጠርዙ በሁለቱም በኩል ግማሽ ኪሎ ሜትር ይተው የሚል የራሴ አስተያየት አለኝ፤ ባለሙያው ካነሰም ከበዛም ያርመው። ሎጁ፣ ምግብ ቤቱ፣ የመኪና ማቆሚያው ጢስ ዓባይ ከተማ ውስጥ ይሠራ። እንግዳው ከከተማው በእግሩ ይሂድ፤ መንገዱ ላይ ቡና የምታፈላው ሴት፣ በቅሎ የሚያከራየው ወጣት፣ ዋሽንት የሚነፋው ልጅ ይብሉበት። መኪናው ጫፉ ድረስ ከደረሰ ገንዘቡ ሎጁ ውስጥ ይቀራል።

እዚያ የሚያርሰው ገበሬ ደግሞ ተቀጪ እንዳይሆን አደራ። እስከ ጫፉ ያረሰው መሬት ስለጠበበው ነው። ከጫፉ ራቅ ሲባል ካሣውና ከመግቢያ ትኬቱ የሚደርሰው ድርሻ አስቀድሞ ይጻፍለት። ባህር ዛፉን ነቅሎ ዋንዛና ሾላ ሲተክል ችግኙንና የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወጪ የሚሸፍን ይኑር። በገበሬው ጀርባ ላይ የሚሠራ ጥበቃ እድሜ የለውም፤ በየአገሩ አይተነዋል።

ጊዜው አሁን የሆነበት ምክንያት አለ። ከ2023 ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት እንግዳን አርቋል፤ አስጎብኚው ሌላ ሥራ ፍለጋ ተበትኗል፣ ሆቴሉ ክፍሉን ቆልፏል። ሰላም ሲወርድ መጀመሪያ የሚሮጠው መሬት ፈላጊ ነው። የዚያን ጊዜ ማስቆሚያ ወረቀት በእጃችን ከሌለ «ልማት ተቃዋሚ» ተብለን ዳር እንቆማለን። ወረቀቱ የሚሠራው ገበያው በቀዘቀዘበት በዚህ ሰዓት ነው።

መንቀሳቀስ እንደምንችል ጣና ያውቀናል። እምቦጭ የሚባለው አረም በ2011 ሐይቁ ላይ ታይቶ በተስፋፋ ጊዜ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ከየክልሉ ወጣት በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ለዚያ ሥራ ጉልበት አስፈልጎ ነበር፣ ጉልበት ሰጠን። ይኼኛው ደቦ ብዕርና ጽናት ይበቃዋል፤ ማንም ውሃ ውስጥ አይቆምም።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን፣ የውሃና የምሕንድስና ትምህርት በቅርባችሁ ነው። ለአንድ ዓመት በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ቦታ ፏፏቴውን ፎቶ አንሱ፤ መንገዱ በተዘጋ ቀን የቅርቡ ነዋሪ ያንሣላችሁ። ቀኑ የተጻፈበት ፎቶ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይከራከራል። ሕግ ያጠናችሁ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ን (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አውጡ፤ የጥናት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። በፏፏቴው ዙሪያ ለተፈቀደ ማንኛውም ግንባታ ሰነዱ የት እንዳለ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱን፣ ዝምታም ከሆነ ዝምታውን፣ መዝግቡ። አስጎብኚዎችና ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ማኅበር አላችሁ፤ ከማንም በፊት ስለ ውሃው ተራ የመናገር መብቱ የእናንተ ነው፤ ደርቆ ያገኘው እንግዳ የሚያኮርፈው እናንተን ነውና። ሆቴል ያላችሁ፣ የጣና ጉብኝት ስትሸጡ የጢስ እሳትን ውሃ አብራችሁ ትሸጣላችሁ፤ ፊርማችሁ ከሁሉ ቀድሞ ይታይ።

በጨረጨራና በበለስ የምትሠሩ መሐንዲሶች፣ እናንተን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆየሁ። ስለ በሮቹ ከኛ ሁሉ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሰዓት፣ ምን ያህል ቢለቀቅ ለጣቢያው አነስተኛ ጉዳት እንደሚያመጣ ረቂቁን ማውጣት የምትችሉ እናንተ ብቻ ናችሁ። የእሑድ ቀን የኃይል ፍላጎት ከሰኞ ያንሳል፤ የጥምቀት ሰሞን ባሕር ዳር ይሞላል። ከዚህ ጀምሩ። አለቃ እስኪያዝ አትጠብቁ፤ ረቂቅ ማዘጋጀት ወንጀል አይደለም።

በውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ገንዘብ አትላኩ። የምትኖሩበት አገር የወንዙን ፍሰት እንዴት በአደባባይ እንደሚያሳውቅ፣ ውሉ እንዴት እንደተጻፈ፣ ማን እንደሚቆጣጠር ሰነዱን ተርጉማችሁ ላኩልን። በዚያ ሙያ የምትሠሩም አላችሁ፤ አንድ ቅዳሜ ስጡን።

ቀነ ገደባችን ጥምቀት ነው፤ ጥር 11። ጥርና የካቲት ገደሉ ክፉኛ የሚደርቅባቸው ወራት ናቸው፤ የመጀመሪያው የተቆረጠ ሰዓት እዚያ ላይ ይዋል። ከዚህ በታች ያለው ደብዳቤ የማንም አይደለም፤ ቅዱት፣ አርሙት፣ በየቀበሌው፣ በየማኅበሩ፣ በየእድሩ አስፈርሙበት።

«ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፤ ለአማራ ክልላዊ መንግሥት።

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከታች የሰፈረ ሰዎች የሚከተለውን እንጠይቃለን። በጨረጨራ በሮች የሚለቀቀው ውሃ በየወሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ በጢስ እሳት ላይ የሚወርድበት ቀንና ሰዓት ተጠቅሶ፣ ባሕር ዳርና ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ ይለጠፍ። በጥርና በየካቲት ፏፏቴው ቢያንስ በእሑድና በበዓላት ቀናት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ውሃ ያግኝ፤ ወንዙም በማንኛውም ሰዓት ጨርሶ አይቋረጥ። በፏፏቴው ጠርዝ ዙሪያ የአለት ጥናት ተጠናቆ ለሕዝብ እስኪገለጽ ድረስ ለአዲስ ግንባታም ሆነ ለድንጋይ ማውጫ ፈቃድ አይሰጥ። በዚያ የሚያርሱ አባወራዎችና እማወራዎች ወኪሎቻቸው ባሉበት ብቻ ውሳኔ ይሰጥ። መልሳችሁን ከታኅሣሥ 30 በፊት በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ስም፣ ቀበሌ፣ ሥራ፣ ፊርማ።»